የሻሼ ግማሽ ነጠላ

ልጄ ፈይሳ ከቴሌቪዥን ጎን ቆሞ ሲተርክ ያላየ ሰው ናዝሬት ኖርኩ አይበል። ዛሬ ሰፈራችንን ብትጠይቁ ግን የሚያስታውሰው አንድ ሰው አታገኙም። ሰው የበላበትን ወጪት ሰባሪ ነው ይባላል፤ የኛ ሰፈር ሰው ግን ሰብሮም አይበቃው፣ ስባሪውን ይሸጠዋል።

ቴሌቪዥኑ የቀበሌው ነበር። በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ በእንጨት ሣጥን ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ቁልፉ ከሊቀመንበሩ ከጓድ ኡርጌሳ ኪስ አይወጣም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑ ይከፈትና የልጆች ተከታታይ ፊልም ይታያል። የጥንት ግሪኮች ተረት ነው ይሉ ነበር፤ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ፣ ፀጉሯ እባብ የሆነ ሴት፣ ምኑ ቅጡ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ሰው ከጎኑ ቆሞ በአማርኛ፣ አንዳንዴም በኦሮምኛ፣ ለልጆቹ ማስረዳት ነበረበት። ያ ሰው ፈይሳ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ማትሪክ ጥቂት ጎድሎበት ቤት የተቀመጠ ልጅ።

እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ነው። አራተኛ ላይ መምህሩ በክፍሉ ሁሉ ፊት "ባጫ፣ አንተ የተፈጠርከው ለአገዳ ነው" አለኝ፤ እውነትም ወንጂ ገብቼ ወገቤ እስኪከዳኝ አገዳ ቆረጥኩ። ያን ቀን ከሁሉም በላይ ጮኾ የሳቀው ከጎኔ የተቀመጠው ኡርጌሳ ነበር። ያን ሳቅ ዛሬም ከመቶ ሳቅ መሀል ለይቼ አወጣዋለሁ። እና ልጄ ያን እንግሊዝኛ ሲያንበለብለው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን ከፍቶ ሲሰማው፣ እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ ሆኜ በሆዴ "እንኩ አገዳ!" እል ነበር።

ፈይሳ ደግሞ ዝም ብሎ አይተረጉምም። ፈረሱ ሲጋልብ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ማዕበል ሲነሳ በአፉ ያፏጫል። ጀግናውን በፀጉሩ ምክንያት ልጆቹ "ጎፈሬው" ብለው ሰይመውታል። ልጆቹን ተከትለው እናቶች መጡ፣ እናቶችን ተከትለው ባሎች መጡ፤ ለስብሰባ በጥበቃ ዱላ የሚነዳ ሕዝብ ለፈይሳ ሲሆን በመስኮት ይንጠለጠል ጀመር። ኡርጌሳ ይህን አልወደደውም። አንድ ቅዳሜ ጠራው።

"ንጉሥ፣ ንጉሥ ስትል ሰማሁህ። ንጉሥ ከዚህ አገር ተወግዷል። በሕፃናት ጆሮ ልትመልሰው ነው?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰውዬው እኮ ዘውድ ደፍቷል።"

"ዘውድ የደፋውን ሁሉ 'የበላይ አካል' በለው።"

"አማልክቱንስ?"

ኡርጌሳ ጥቂት አሰበ። "አማልክት የሉም። በአየር ጠባይ አሳብብ።"

ከዚያ ወዲያ ጎፈሬው ከአንዱ የበላይ አካል ወደ ሌላው ሲላክ ከረመ፤ ባሕሩም በአየር ጠባይ ምክንያት ይናወጥ ጀመር።

ያ ወቅት የብሔራዊ ውትድርናው ሁለተኛ ዙር ነበር። ቀበሌው ኮታ ተጥሎበት ጎረምሳ ሁሉ በጓሮ በር የሚወጣበት ጊዜ። በመጀመሪያው ዙር ከሄዱት አንድም የተመለሰ አልነበረም። ከነሱ አንዱ የዙሀራ ልጅ ሽኩር ነው። ዙሀራ ከወሎ የመጣች፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ሽኩር ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ፊልም ታያለች፤ ምን እንደምታይ እንጃ።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ፊልሙ አንድ ክፉ ቦታ ደረሰ።

"የበላይ አካል አዘዘ" አለ ፈይሳ፣ እንደ ልማዱ ድምፁን አጎርንኖ። "ሰባት ወንድ፣ ሰባት ሴት ወጣቶች ከከተማው ተመልምለው ይላኩልኝ አለ።"

"ምን ሊያደርጋቸው?" ጮኸ አንድ ልጅ።

"ራሱ የኮርማ፣ ገላው የሰው የሆነ አውሬ አለው። መውጫው የማይገኝ ቤት ሠርቶ እዚያ ውስጥ አኑሮታል። በነሱ ነው የሚቀልበው።"

በቴሌቪዥኑ እናቶች መርከብ ዳር ቆመው ደረት ይመታሉ። ከመስኮት የተንጠለጠለ አንድ ወሮበላ "ስንተኛው ዙር ነው?" አለ። ሳቅ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ዙሀራ ቀስ ብላ ተነሳች።

"ልጄ ፈይሳ፣ ይሄ የየት አገር ነው አልከን?"

"የግሪክ ነው፣ እማማ።"

"ኧረ ተው! እኔስ የቀበሌያችን መስሎኝ።"

አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልዋሽ። ዘወር ስል ኡርጌሳ በሩ ላይ ቆሟል። እሱ አልሳቀም።

ልብ በሉ፣ ፈይሳ "ንጉሥ" ቢል ኖሮ ያን የሩቅ አገር ተረት ከኛ ጋር ማን ያገናኘው ነበር? ቃሉ ከኡርጌሳ ከራሱ አፍ የወጣ ነው። ግን ሹም አይሳሳት፤ የተሳሳተው ሁልጊዜ ተርጓሚው ነው።

እሑድ ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ። አብሮ አደጌ "አንተ" ሲለኝ "እርስዎ" አልኩት፤ ይህንንም እዚሁ ላይ ልጻፈው።

"ልጅህ የሠራውን አየህ?"

"ያዘዙትን ቃል ነው የተናገረው።"

"ቃሉን አይደለም የምልህ፣ አባባሉን ነው።" እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ባጫ፣ ኮታዬ አልሞላም። የበላይ አካል በየቀኑ እየደወለ ነው።"

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ተንበርክኬ ጉልበቱን ያዝኩ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ አልኩት። አናቴን ቁልቁል እያየ እንዲህ አለ፦

"ለሚመጣው ቅዳሜ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። በሚገባ ይተርጉም። ወጣቶቹ በፈቃዳቸው፣ እየዘፈኑ ነው የሄዱት። አውሬው ፀረ ሕዝብ ነው፤ ይደመሰሳል። ሁሉም በድል ይመለሳሉ። እንዲህ ካለ የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ አስቀረዋለሁ። ካላለ ግን መኪናው ላይ ነው።"

ቤት ገብቼ ነገርኩት። ፈይሳ እናቱን ሻሼን አየ፣ እኔን አየ።

"አባ፣ ፊልሙ ውስጥ ባይመለሱስ?"

"አንተ መልሳቸዋ! አፍህ ምን ሊሠራ ነው?"

ቅዳሜ ደረሰ። እንግዶቹ ካኪያቸውን ለብሰው ከፊት ተደረደሩ። ፈይሳ ታጥቦ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ቆመ።

"ወጣቶቹ በፈቃዳቸው፣ እየዘፈኑ ተሳፈሩ" አለ።

"ፈይሳ፣ ያለቅሳሉ እኮ!" አለች አንዲት ሕፃን።

"የደስታ እንባ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ጎፈሬው የክር ልቃቂት ይዞ፣ ጫፉን በሩ ላይ አስሮ ጨለማው ውስጥ ገባ። "ፀረ ሕዝቡን አውሬ ደመሰሰው!" ሲል ልጆቹ ጮኹ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ኡርጌሳ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ ተነፈስኩ።

ቀጠለ። ጎፈሬው ሲሄድ ለአባቱ "በሕይወት ከተመለስኩ መርከቧ ላይ ነጭ ሸራ እሰቅላለሁ፤ ጥቁር ካየህ ግን ሞቻለሁ" ብሎት ኖሮ፣ በድሉ ሰክሮ ሸራውን መቀየር ረሳ። የቀበሌው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ የተሳሳተ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ጥቁሩን አየና ዘሎ ባሕር ገባ። ፈይሳ እንግዶቹን ሰረቅ አድርጎ አይቶ "አባትየውን እግሩ አዳለጠው" አለ። ይቺንም ተሻገራት። አለቀ ብዬ ልነሳ ስል ዙሀራ እጇን አወጣች።

"ልጄ፣ የፊተኞቹስ?"

"የቶቹ፣ እማማ?"

"ከጎፈሬው በፊት የገቡት። በመጀመሪያው ዙር የሄዱት። አብረው ወጡ?"

አዳራሹ ሁሉ ወደ ፈይሳ ዞረ። እኔ ከሰው ራስ በላይ እጄን አንስቼ ወጡ በል፣ ወጡ በል እያልኩ አውለበለብኩ። አይቶኛል። ኡርጌሳ ወንበሩን አዙሮ ጠበቀው። ልጄ ግን ዓይኑን ከዙሀራ ላይ አላነሳም። ከሽኩር ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት፤ የሷን ሻይ ሳይከፍል ስንቴ ጠጥቷል።

"እማማ ዙሀራ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ፊልሙ ስለነሱ ምንም አይልም።"

ዙሀራ ተቀመጠች። ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተችው። ከዚያ ሌላዋ እናት ጀመረች፣ ከዚያ ሌላዋ። እንግዶቹ ተነስተው ወጡ።

አንዲት ውሸት ነበር የቀረችው። ያን ሁሉ ዋሽቶ አንዷን ሰሰተ።

ማክሰኞ ከኳስ ሜዳ አፈሱት። ጋሪዬን ይዤ በየቤቱ ዞርኩ። ኑ፣ አብራችሁኝ ቀበሌ ግቡ፣ ልጆቻችሁን ያስደሰተ ልጅ ነው አልኩ። አንዱ ታምሜያለሁ አለኝ፤ አንዱ በሩን ሳይከፍት "የለም" አለኝ፣ በገዛ ድምፁ። ዙሀራ ብቻ መጣች። ኡርጌሳ ሁለታችንንም ፀሐይ ላይ አዋለን፤ ሲመሽ በሌላው በር ወጥቶ ሄደ። የሱ ልጅ ከፈይሳ ጋር እኩያ ነው። ከበሮ መምታት የማይችል ልጅ ኪነት ገብቶ ከበሮ ያዘ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሣጥኑ ተከፈተና ያው ልጅ ተርጓሚ ሆኖ ቆመ። እንግሊዝኛው ከኔ አይሻልም። ሕዝቡ ግን መጣ፤ ቁጭ ብሎ ሰማው።

ምልምሎቹ የተጫኑ ለት ሻሼ ከመኪናው ሥር ቆማ የምትሰጠው አጥታ ነጠላዋን ከመሀል ቀደደችው። አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጠላ ናት፤ ግማሹን ለሱ ወረወረች፣ ግማሹ ትከሻዋ ላይ ቀረ። ፈይሳ ተቀብሎ አንገቱ ላይ ጠመጠመውና ሳቀ።

"አባ፣ አንተ በሞጆ መውጫ ጠብቀኝ። ስመለስ ይቺን መኪናው ላይ አስራታለሁ።"

"እንዳትረሳ።"

"የረሳው እኮ ጎፈሬው ነው፤ እኔ ተርጓሚው ነኝ።" መኪናው ሲንቀሳቀስ ጎንበስ ብሎ ጮኸ፦ "ባታያት ደግሞ እንዳትዘል! ናዝሬት ባሕር የለም!"

የሳቁት ሌሎቹ ምልምሎች ብቻ ነበሩ።

ዓመታት ሄዱ። ከሞጆ የሚገባውን መኪና ሁሉ አየሁ፤ የጨው፣ የከብት፣ የቆዳ፣ የወታደር። ተሳፋሪ "ኦቦ ባጫ፣ ምን ትፈልጋለህ? ንዳ እንጂ!" ይለኛል። ነጭ ፍለጋ ላይ ነኝ ብዬ ለማን ላስረዳ? ዙሀራ ሽኩርን ሳታይ ሞተች። ቀብሯ ላይ ከዚያ አዳራሽ ሕዝብ የመጣው በጣት የሚቆጠር ነው።

ሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ ሁሉ ነገር ፈረሰ። ጦሩ ተበተነ፣ ኡርጌሳም ቁልፉን እንደያዘ ጠፋ አሉ። በሞጆ በኩል ወታደር ይመጣል ሲባል ሻሼን ጋሪው ላይ አሳፍሬ መውጫው ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው መኪና ከአቧራው ብቅ አለ። ሻሼ ናት ቀድማ ያየችው።

"ነጭ! ባጫ፣ ነጭ ነው!"

እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ጅራፌ ከእጄ ወደቀ። መስታወቱ ላይ የታሰረ ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል፤ በዓይኔ አየሁት። እየሮጥን ደረስን። የዱቄት ከረጢት ቅዳጅ ነበር። መኪናው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ አየሁ፤ ፈይሳ የለም። ሁለተኛው መኪና መጣ፤ እሱም ነጭ አለው፣ ካናቴራ ነው። ሦስተኛው የቁስል ማሰሪያ አንጠልጥሏል። በእግሩ የሚመጣውም ዱላ ላይ ነጭ አስሯል። ነጭ ያልያዘ አልነበረም።

"ልጄ፣ ይሄ ነጭ ምንድን ነው?" አልኩት አንዱን።

"እጅ ሰጥተናል ማለት ነው፣ አባቴ። እንዳይተኩሱብን ነው።"

"ፈይሳ ባጫ የሚባል ታውቃለህ?"

"ፈይሳ ስንቱ ነው፣ አባቴ" ብሎኝ አለፈ።

ያ የግሪክ ሽማግሌ የታደለ ሰው ነው። አንድ መርከብ መጣለት፤ ጥቁር አየ፣ ተገላገለ። ለኔ ያ ሁሉ ነጭ መጣ።

ሻሼ እልልታዋን አቁማ ከመኪና መኪና እየሄደች የጨርቁን ጠርዝ ትዳብሳለች፤ አረንጓዴ ጥለት ፍለጋ። እኔ ፈረሱን እየጎተትኩ ተከተልኳት። ከአንድ ግራር ሥር ቁጢጥ ብሎ ከተቀመጠ ወጣት ወታደር እጅ ላይ አንድ ጨርቅ አንስታ በሁለት እጇ ዘረጋችው። ከትከሻዋ ላይ ካለው ግማሽ ጋር አስተያየችው። ገለበጠችው። ደግማ ገለበጠችው፤ አረንጓዴ የለውም።

"እማማ፣" አላት ልጁ፣ "ይመልሱልኝ፤ ያለሱ ይመቱኛል።"

አጣጥፋ መለሰችለት።