ስክሪኑ ላይ የሚመታው ልብ

ከገሳይ ከተማ በኩል ተኩስ ሲሰማ ስለዋለ፣ የዚያን ቀን ለልምምድ የመጣችው ተማሪ ትሕትና ብቻ ነበረች። ደብረ ታቦር ላይ የሕክምና ተማሪዎችን እርጉዝ ሴት በአልትራሳውንድ መመርመር የማስተምረው በላስቲክ ሆድ ነው። የማሽኑ መዳሰሻ ሲያርፍበት ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀዳ ፅንስ ስክሪኑ ላይ ይታያል። የዚያ ፅንስ ልብ ሁልጊዜ ይመታል።

በሩ በእርግጫ ተከፈተ። ጠመንጃ ያነገተ ሰው ሚስቱን ደግፎ ገባ።

«እዚያ ማዶ ማዋለጃ ዋርዱ ውስጥ አልትራሳውንዱ ተበላሽቷል ብለው መለሱኝ» አለ። «ለላስቲክ ሆድ ማሽን አለ፣ ለማሬ የለም?»

«ጋሼ፣ ይሄ መማሪያ ነው፤ ሰው አያይም» አለችው ትሕትና።

በሰደፉ ፊቷን መታት። ቅንድቧ ተተርትሮ ደሙ ጋዋኗ ላይ ወረደ።

«እዪ አልሁሽ።»

ማሬ አልጋው ላይ ተጋደመች። ትሕትና መዳሰሻውን ሆዷ ላይ አሳረፈች፤ በሌላ እጇ የተቀዳውን ፅንስ የሚያመጣውን ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ልብ ሲመታ ታየ።

ሰውየው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «አለ። ልጄ አለ። ተነሽ ማሬ፣ ገሳይ ቤታችን እንግባ።»

ትሕትና አየችኝ። ዝም በይ ማለቷ ነበር። ዝም ብል እኔና እሷ እንተርፋለን። እጄን ማሬ ሆድ ላይ አሳረፍሁ። እንደ እንጨት ደርቋል። ቀሚሷ ከወገቧ በታች በደም ርሷል። እንግዴ ልጁ ያለጊዜው ከማሕፀኗ ተላቅቋል፤ በዚያ መንገድ ከተመለሰች ገሳይ ሳትደርስ ትሞታለች።

«ያየኸው ስዕል ነው» አልሁት። መዳሰሻውን ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ስክሪኑ ላይ ያለው ልብ ግን መምታቱን አላቆመም። «ሚስትህ ውስጥ ውስጡን እየደማች ነው። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች ትሞትብሃለች።»

«ልጄስ?»

«አላውቅም። እሷን እናትርፍ።»

አፈሙዙን ጉሮሮዬ ላይ ደገነ። ባሌን የገደለው ዓይነት ጠመንጃ ነበር። ዓይኔን ከሰውየው ላይ አላነሳሁም።

«ታላግጭብኛለሽ» አለ። ከዚያ አፈሙዙን አዙሮ ላስቲኩ ሆድ ላይ ሁለቴ ተኮሰ። ጆሮዬ ጮኸ። የላስቲክ ቁርጥራጭ ፊቴን ገረፈኝ። ስክሪኑ ላይ ልቡ አሁንም ይመታል።

«ደምሴ» አለች ማሬ ከአልጋው ላይ፣ በቀጭን ድምፅ። «ጅል አትሁን። ከትናንት ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ፈርቼህ ነው ያልነገርሁህ። ተሸከመኝ።»

ተሸከማት። ትሕትና በአንድ እጇ ቅንድቧን ተጭና፣ በሌላው በር እየከፈተች ከፊት ሮጠች።

ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ስወጣ ደምሴ ጠመንጃውን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሏል።

«ማሬ ተርፋለች» አልሁት። «ሕፃኗ ግን ሞታ ነው የወጣችው።»

«ሴት ናት?»

«አዎ።»

«አምጭልኝ፣ ልያት።»

«መጀመሪያ ጠመንጃህን አስቀምጥ።»

የጥይቱን ካርታ ነቀለ፤ ጠመንጃውን ወለሉ ላይ አጋደመ። ከዚያ ተነሥቶ ሁለት እጁን ዘረጋ።