ሦስት ቁጥር አይገባም

አራሚው ቅዳሜ ጠዋት የቁም ሳጥኑን መስታወት በአንሶላ ሊሸፍን ተነሣ። ከመሸፈኑ በፊት ግን የወንድሙ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ያስቀመጠው ሙያው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው ነገርን ሁሉ ከሁለት ወገን ማየት ይለምድበታል፤ መስታወቱ ከዚያ በኩል እስከ ምን ድረስ መሸፈን እንዳለበት ሊያረጋግጥ ፈለገ። ተቀመጠና ቀና አለ። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው የካፖርት መስቀያው ነበር። ወደ ግራ ዘመም ቢል ካፖርት፣ ወደ ቀኝ ዘመም ቢል ካፖርት፣ አንገቱን እስኪያመው ቢያስረዝም የካፖርቱ ኮሌታ። የእሱ ሞኒተር፣ ያ «በመስታወት ታየብኝ» ብሎ የጮኸለት ሞኒተር፣ ከዚያ ወንበር ጨርሶ አይታይም።

እንግዲህ ሁለት ወንድማማቾችን ሁለት ዓመት ያኳረፈው ይህ መስታወት ነው።

ሦስቱ ልጆች፣ አራሚው፣ እህቱ ልብስ ሰፊዋና የሁሉም ታናሽ የሆነው ጥርስ ሠሪው፣ ከወላጆቻቸው በቀረው ቤት ሳሎን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ አንድ ያረጀ የተኩስ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው ሃያ ዓመት አልፎታል። ወታደሮቹ ፊታቸው እንደ ካርቶን አራት ማዕዘን ነው፤ ሲሞቱም ሁሉም በአንድ ዓይነት ጩኸት ነው የሚሞቱት። ሦስቱ ኮምፒውተሮች በኬብል ይያያዛሉ፤ የአራሚው ጨዋታውን ያስተናግዳል፣ የተቀሩት ሁለቱ እንግዳ ሆነው ይገባሉ። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የአድራሻ ቁጥር የሰጠው አራሚው ራሱ ነው፤ የሰጠውም በዕድሜ ተራ ነው። እሱ አንድ፣ እህቱ ሁለት፣ ታናሹ ሦስት። በዚያ ቤት የኮምፒውተር አድራሻ እንኳ ታላቁን አክብሮ ነው የሚቆመው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ታናሹ በተከታታይ አምስት ጊዜ ከጀርባው እየመጣ ገደለው። በአምስተኛው አራሚው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና «በመስታወቱ እያየኸኝ ነው!» አለ። «አላየሁህም» አለ ታናሹ። ነገር ነገርን ወለደ። አራሚው የጀመረውን መጨረስ እንጂ ማቆም የማያውቅ ሰው ነውና፣ «ድሮስ! የትምህርት ቤት ፈተናህንም ያለፍከው ከጎንህ ካለው ልጅ ወረቀት ነው» አለው። ውሸት ነበር። ሲናገረውም ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር። ታናሹ ላፕቶፑን አጥፎ ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ።

ይቅርታ የሚባል ቃል እዚያ ቤት አልተወለደም። አባትየው ሲያጠፋ ራዲዮ ይከፍት ነበር፤ እናትየው ስታጠፋ የታጠፈ ልብስ ፈትታ እንደገና ታጥፍ ነበር። አራሚው ደግሞ የራሱን መላ አዘጋጅቷል። በጨዋታው ውስጥ አንድ ሰባራ ድልድይ አለ፤ የትም የማያስደብቅ ገላጣ ቦታ ነው። መሣሪያውን ጥሎ እዚያ ይቆማል፤ ወንድሙ ይተኩስበታል። ሌላ ሰው ባይገባው እንኳ ለማሙሽ ይገባዋል። ታናሹ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖት፣ ጺም አብቅሎ፣ ለግማሽ ከተማ ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሠራ፣ እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የሚባለው።

እህታቸው ቀጠሮውን የያዘችው በስንት ልመና ነው። «አንድ ሰዓት ብቻ ብሏል፣ ጋሼ» ብላዋለች። «ስምንት ሰዓት ይመጣል፣ ዘጠኝ ሰዓት ክሊኒክ ይገባል። ዛሬ ካበላሸኸው ግን እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ሁለተኛ አላስታርቅም።»

ለዚህ ነው አራሚው ካፖርቱን ካየ በኋላም መስታወቱን የሸፈነው። መሸፈን አያስፈልገውም ነበር፤ ግን አፍጥጦ ሲያየው ጊዜ አላስችል አለው።

ታናሹ ልክ በስምንት ሰዓት ገባ። እህቱን አቅፎ ሳመ። ለአራሚው እጁን ዘረጋና፣ «ደኅና ነዎት?» አለ፤ የቀበሌ ሊቀ መንበር የሚያነጋግር ይመስል። ከዚያ አንሶላውን አየ።

«መስታወቱ በረደው እንዴ?»

«ጥንቃቄ ነው» አለ አራሚው። «ዛሬ ሕግ አለ። ማንም ከማንም ወንበር ኋላ አይሄድም፤ ማንም የማንንም ሞኒተር አያይም። በዚህ እንስማማ።»

«እርስዎ ካሉ» አለና ታናሹ የድሮ ቦታው ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ከፈተ።

አራሚው ጨዋታውን አስነሣ። እህቱ ወዲያው ገባች። «ገባሁ! ድልድዩ ላይ ነኝ። ማንም የለም፤ ደግሞ ያስፈራል።»

«አንተስ?» አለ አራሚው።

«አያስገባኝም» አለ ታናሹ።

«ምን ይላል?»

«አያስገባኝም ነው የሚለው።»

አራሚው ሳቅ አለ። ይህን የመሰለውን ስህተት እንደ ቁርስ የሚበላ ሰው ነው። «ዕትሙ ነው። ስንተኛው ዕትም ነው አንተ ጋ ያለው?»

«አንድ ነጥብ አራት።»

የእሱም አንድ ነጥብ አራት ነው። ሳቁ ጠፋ። «እንግዲያው ፋየርዎሉ ነው» አለ፤ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ ይዞ የሚያስቀረውን ዘበኛ ፕሮግራም ማለቱ ነው። «አጥፋው።»

«አጠፋሁት። አያስገባኝም።»

ኬብሉን ነቀሉ፤ ኬብሉን ሰኩ። የእህቱን ኬብል ለታናሹ፣ የታናሹን ለእህቱ አዛወሩ። በእሱ ኬብል እሷ ገባች፤ በእሷ ኬብል እሱ አልገባም። ኬብሎቹ የሚገናኙባትን ባለ መብራት ሳጥን አጥፍተው አበሩ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆነ።

«ቆሻሻ ዘመን!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ አራሚው። «የሚሠራን ነገር አሻሻልን እያሉ በየወሩ ያበላሹታል! ሰው ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ የራሱን ጨዋታ በራሱ ኬብል መጫወት ተሳነው! ማሻሻል የሥራ ፈት ሙያ ነው። ያንን ላፕቶፕ መቼ ነው የገዛኸው?»

«ያው የድሮው ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት ቁጥር የሰጡት።»

«አልቀየርከውም?»

«ሦስት ነበርኩ፤ ሦስት ነኝ።»

እህታቸው በሌለ ጠላት ላይ መተኮስ ሰልችቷት በርሜሎቹን አንድ በአንድ ታፈነዳ ነበር። «ጋሼ፣ የእኔን ቁጥር ይውሰድና እኔ ልውጣለት። እኔን ያስገባኝ የለም? እሱንም በሁለት ቁጥር ያስገባዋል።»

«ቁጥር በዕድሜ ነው! ዛሬ ሁለትን ከሰጠነው ነገ አንድን ይጠይቃል።»

«ሰውዬ፣ የአልጋ ወራሽነት ነው እንዴ?»

«ሥርዓት ነው።»

ታናሹ ሰዓቱን አየ። አራሚው ሰዓቱን ሲያየው አየ። ይህ ልጅ ዛሬ ሳይገባ ከወጣ ተመልሶ አይመጣም። ድልድዩ እዚያ ቆሟል፣ እሱም ሊሞትበት ተዘጋጅቷል፤ ገዳዩ ግን በሩ ላይ ቀርቶበታል። ላብ በላብ ሆነ። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ በባትሪ እያበራ የኬብሎቹን ጫፍ እንደ ሐኪም መረመረ።

«አሁን ሞክር!»

«አያስገባኝም።»

«በደንብ ሞክረው እንጂ!»

«በደንብ ነው የማያስገባኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ምን እንደሚል ቃል በቃል አንብብልኝ!»

«መጥተው ያንብቡት» አለ ታናሹ።

አራሚው ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለና ቀጥ ብሎ ቀረ። በሁለቱ መካከል ያለው አራት እርምጃ ነው። ግን ሕግ አለ፤ ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው። የሰው ሞኒተር ማየት በዚያ ቤት ወንጀል ከሆነ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ ወንጀል ያደረገውም እሱ ነው። ተመልሶ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ሲሆን ልብስ ሰፊዋ ማውዟን ወረወረችው። «እኔ ይህን እብደት ከዚህ በላይ አልችልም! ሕጋችሁን ዋጡት!» ብላ ተነሣችና ቀጥ ብላ ከታናሹ ወንበር ኋላ ሄዳ ቆመች። ጎንበስ ብላ አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ማሙሽ! ታግደሃል ነው እኮ የሚለው!»

«አዎ።»

«የጨዋታው አስተናጋጅ አግዶሃል ይላል! ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለው?»

«ከስምንት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ተናገርኩ እንጂ፣ እትዬ። አያስገባኝም አልኩ። ማን እንደማያስገባኝ እሳቸው ያውቃሉ። ደግሞ በዚህ ቤት ስህተት ለቃሚው እኔ አይደለሁም፤ ይልቀሙት ብዬ ጠበቅሁ።»

አራሚው ከጠረጴዛው ሥር ሲወጣ ጭንቅላቱን ገጨ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። አስተናጋጁ የከለከላቸው እንግዶች የሚጻፉበት ትንሽ ፋይል አለ፤ ፈልጎ ከፈተው። ውስጡ አንድ መስመር ብቻ ነበር። በሦስት የሚያበቃ አድራሻ፣ ከጎኑም ማስታወሻ፦ «እስኪያምን ድረስ።» እህቱ ከኋላው መጥታ ጮክ ብላ አነበበችው።

የጻፈው ራሱ ነው። አሁን ትዝ አለው። የዚያን ቅዳሜ በሩ በታናሹ ኋላ ሲዘጋ፣ ወንበሩ እንኳ ሳይቀዘቅዝ፣ ጥርሱን እያፋጨ ጻፈውና ረሳው። በሰው መጽሐፍ ውስጥ ቢሆን በአንድ ዓይኑ ያገኘው ነበር። የገዛ ጽሑፉ ላይ ተቀምጦ ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲፈልግ የነበረው የሰውን ጥፋት ነው።

መጀመሪያ የወጣው ንዴት ነበር፤ ሌላ የሚወጣ አልለመደበትም። «ታዲያ አንተስ! አርባ ደቂቃ እያየህ መሬት ለመሬት አስዳህከኝ!»

«ጋሼ!» አለች እህቱ። ጩኸት አልነበረም፤ ከጩኸት ይብስ ነበር።

የእህታቸው ወታደር ድልድዩ ላይ ብቻውን ቆሞ ይተነፍሳል። ታናሹ ላፕቶፑን ለማጠፍ እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈ፤ ልክ እንደዚያን ዕለት።

አራሚው ተነሣ። ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደና አንሶላውን ጎትቶ ጣለው።

«ካፖርት ነው የሚታየው» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ከአንተ ወንበር። ካፖርት ብቻ ነው። ጠዋት ተቀምጬ አየሁት።»

ታናሹ ቀና ብሎ እንኳ መስታወቱን አላየም። «እኔ ካየሁት ሁለት ዓመቴ።»

«ፈተናውም...» የአንሶላውን ጫፍ ከመሬት አንሥቶ እንደ እናቱ ማጠፍ ጀመረ፤ ከዚያ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባውና መልሶ ጣለው። «ስለ ፈተናው ያልኩት ውሸት ነው። በገዛ ራስህ ነው ያለፍከው። ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

ታናሹ እጁን ከክዳኑ ላይ አነሣ።

«መስመሩን ያጥፉትና እንግባ» አለ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረኝ።»

አራሚው አጠፋው። ጨዋታውን ዘግቶ እንደገና ሲያስነሣው ሦስት ቁጥር ያለ ኬብል ቅያሪ፣ ያለ ፋየርዎል፣ ያለ ዕትም ክርክር ዘው ብሎ ገባ። አራሚው ወታደሩን ወደ ድልድዩ ነዳ። መሣሪያውን ጣለ። መካከል ላይ ቆመ።

ታናሹ መጣ። ፊት ለፊቱ ቆሞ ጥቂት አየው። ከዚያ ተኮሰ።

አራሚው በዚያ በካርቶን ጩኸት ሞተ። ሕይወት ሲመለስለት ድልድዩ ላይ ተመልሶ ቆመ። ሞተ። ተመለሰ። ሞተ። እህታቸው መጀመሪያ እንባ እንባ አላት፤ በአራተኛው ግን ሳቋ ይተናነቃት ጀመር።

«አምስት» አለ ታናሹ ተኩሶ።

አራሚው በረጅሙ ተነፈሰ። ሒሳቡ ተዘጋ ብሎ ወደ ድልድዩ ዳር ሲራመድ ስድስተኛው ጥይት ጀርባውን መታው።

«አምስት ነበር እኮ!»

«ማን አለ? እስክታምን ድረስ ነው።»

«አምኛለሁ አይደል እንዴ!»

«ጮክ በል፣ ጋሼ። ካፖርቱ አልሰማህም።»

አራሚው ጥርሱን ነክሶ ከመሬት መሣሪያ አነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ታናሹ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ሸጎጠና፣ ዓይኑን ከጨዋታው ሳይነቅል፣ «እዘገያለሁ» አለ ለክሊኒኩ። «የሽማግሌውን የላይኛ ጥርስ ውኃው ውስጥ ተዉት። አይ፣ የታመመ ሰው የለም። ወንድሜ ኔትወርክ አልሠራ ብሎት ነው።»

አራሚው ይህን ሲሰማ ደስታውን በምን እንደሚደብቀው ጨነቀውና በጨዋታው ውስጥ ካለ አንድ ግንብ ኋላ ተደብቆ አደባ። ድንቅ ቦታ ነበር፤ ማንም ሊያገኘው አይችልም። አነጣጠረ። ትንፋሹን ዋጠ።

ከጀርባው ተገደለ።

ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ጣቱን ወደ መስታወቱ ቀሰረ፤ አፉን ከፈተ። መስቀያው ላይ የተንጠለጠለውን ካፖርት አየ። አፉን ዘግቶ ተቀመጠ።