የቀላል ሥራ ጠረጴዛ

የሰደበኝ ኤዲልቤርቶ ነው። ቀኑም አይጠፋኝም፤ የመስከረሙ የነፃነት በዓል ሰልፍ ማግስት፣ ምሳ ሰዓት ላይ። የጭማቂ ጠርሙሴ ከቀኝ እጄ አምልጦ ሲወድቅ፣ ቡድኑ ሁሉ እየሰማ፣ ስሜን ጠርቶ፣ «ናሁን ክንዱን ቤቱ ረስቶ መጥቷል» አለ። ሳቁ። በአክብሮት ዶኛ የምንላት ኦቲሊያም፣ ለዓመታት ጎኔ ተቀምጣ የሰፋችው ሴትዮ፣ ሳቀች። ኤዲልቤርቶ የቡድናችን አለቃ ከመሆኑ በፊት ከእኔው ጋር የካናቴራ እጅጌ ይገጥም ነበር። መቀሱን የምስልለት እኔ ነበርኩ።

እዚህ ቾሎማ ከተማ ውስጥ ስፌት ፋብሪካ የሠራ ሰው ያ ነገር ለምን እንዳስደነገጠኝ ይገባዋል። ኮታው የቡድን ነው። አንዱ ሲዘገይ የሁሉም ቦነስ ይቀራል፤ ስለዚህ የታመመውን ሰው ከአለቃው ቀድመው የገዛ ጓደኞቹ ይደርሱበታል። ትከሻዬ ከፋሲካ ጀምሮ እንደ እሳት ይለበልበኛል። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉኛል። ትንሿን ልጄን እንዳልጥላት ፈርቼ ማቀፍ ትቻለሁ። ብናገር ደግሞ የምላከው ትርፍ ክር ወደሚቆረጥበት፣ የቀላል ሥራ ወደሚሉት ጠረጴዛ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው የገና በዓል ሳይደርስ ከፋብሪካው ይጠፋል። አብራን ትሰፋ የነበረችው ሱልማ እንዲያ ሆና ነው የጠፋችው።

ኅዳር ላይ አንዲት ሐኪም አቀማመጣችንን ልትመረምር ትመጣለች ተባለ። ጀርባና ክንድ የሚጎዳውን አይታ ወንበርና ጠረጴዛ ታስለውጣለች አሉ። ማን ያምናል? የሚባረረውን ልትለይ ነው አልን። በዋዜማው፣ ማንም ሳያዘን፣ ወንበር ላይ የምናነጥፈውን የጨርቅ ትራስና ከፔዳሉ ሥር የምናስገባውን የእንጨት ጉማጅ ሁሉ፣ ሕመማችንን እንዳያሳብቅብን፣ ደበቅን። እኔም ወንበሬን ከፍ ያደረጉልኝን ጣውላዎች አወጣሁ።

ዶክተር ኢሪስ መጣች። ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለን፣ ቀስ እያልን ሰፋን። ኤዲልቤርቶ ከኋላዋ እጁን አጣምሮ ፈገግ ይላል። የስፌት መስመራችንን ጨርሳ ልታልፍ ስትል እኔ ጋ ቆመች። ወንበሬ ዝቅ ስላለ ክንዴ ወደ ጠረጴዛው ሽቅብ ተሰቅሎ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቆሜ ክንዴን ወደ ጣራው እንዳነሳ ጠየቀችኝ። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም ሲሉ ሰማሁ። ዓይኔ ጨለመ፤ ግን አነሳሁት።

«ያምዎታል?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ካልነገሩኝ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ብዬ ነው የምሄደው። አዲሶቹ ወንበሮችም ለሌላ መስመር ይሆናሉ።»

ዶኛ ኦቲሊያን አየኋት። ከጠረጴዛው ሥር የግራ እጇን አንጓ በቀኝ እጇ ጨምድዳ ይዛለች። እንዳልናገር ራሷን ወዘወዘችልኝ።

«ኧረ እሱን ይተዉት ዶክተር» አለ ኤዲልቤርቶ። «ዛሬስ ክንዱን አስታውሶ ይዞ መጥቷል።»

አሁን የሳቀ የለም። ሁሉም አፌን ይጠብቃል። አዎ ብል ያቺ ጠረጴዛ አለች፤ የለም ብል ክንዴን በገዛ አፌ ሰጠሁ። ክንዴን ላወርደው ብል እምቢ አለኝ፤ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሁሉም እያዩኝ በግራ እጄ ክርኔን ይዤ እንደ ዕቃ አወረድኩት። ሐኪሟ የብዕሯን ክዳን ከፈተች።

ክርኔን እንደያዝኩ፣ በመካከላቸው አልፌ፣ የሚለበልበኝን ትከሻዬን ላበርድ ጥጉ ላይ ወዳለው የውሃ ቧንቧ ሄድኩ።