የመርከቡ ጀርባ

ወሰኑ በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር፣ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ የተሰበረ ወንበር በመጠገንና የተሠራ መርከብ በመሰባበር። ወንበሩ እንጀራው ነው። መርከቡ ግን አመል ነው፤ ሃምሳውን ያለፈን ሰው ደግሞ አመልህን ተው ብሎ የሚመክር ጊዜ የተረፈው ሰው ብቻ ነው።

በወጣትነቱ አሰብ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ደርግ ሲወድቅ መርከባቸው ሸሽቶ ጅቡቲ ገባ፤ ወሰኑም ወረደ፣ በዚያው ቀረ። ከባሕሩ ይዞት የወጣው በሸራ ይሄዱ ለነበሩት የድሮ የጦር መርከቦች ያለውን ፍቅር ነው። ከእነሱ አንዱን፣ አንድ ብቻ፣ ልክ እንደነበረው አድርጎ በትንሹ ሠርቶ ማየት ይፈልጋል። ጣጣው ሁሉ ያለው “ልክ እንደነበረው” የምትለዋ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ከካላንደር ሥዕል አይቶ ሠራው፤ ካለቀ በኋላ ሠዓሊው መርከብ በሩቁ እንኳ አይቶ እንደማያውቅ ሲገባው በመዶሻ አደቀቀው። ሁለተኛውን ከኢንተርኔት ባገኘው ፕላን ጀመረ። ትክክለኛ ፕላን መርከቡን ከጎን፣ ከላይና ከፊት ለፊት ያሳያል፤ ሦስቱም ሲለኩ መስማማት አለባቸው። የኢንተርኔቱ አልተስማማም። የዚያኛው መርከብ እንጨት የጎረቤት ከሰል ማቀጣጠያ ሆነ።

ሚስቱ ተናኘወርቅ ሁለቱም ሲሰበሩ አይታለች። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ማዳም ፋኢዛ ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ እዚያው እያደረች ሥራዋን ትሠራለች፣ ሐሙስ ማታ መጥታ አርብን ከባሏ ጋር ትውላለች። ስብርባሪውን የምትጠርገው እያዘነች ነው። ለእንጨቱ ግን አይደለም። ወሰኑ መርከብ ከሰበረ በኋላ ለሳምንታት አንገቱን ደፍቶ ይከርማል፤ የማትችለው ያንን ማየት ነው።

የማዳም ፋኢዛ ሟች ባል ሙሕሲን የወደብ ፓይለት ነበር፤ ትልልቅ መርከቦችን እየመራ ያስገባ የነበረ ሰው። ቤቱ ኮሪደር ላይ በመስታወት የተከፈፈ፣ የአንድ የድሮ የፈረንሳይ ባለሸራ የጦር መርከብ ሰፊ ንድፍ ሰቅሎ ነው የሞተው። ተናኘወርቅ ዓመታት ሙሉ አቧራውን ስትጠርግለት ኖራ አንድ ቀን ጨርቋን እንደያዘች ቀጥ አለች። አንዱ መርከብ ሦስት ቦታ ተስሏል፤ ከጎን፣ ከላይ፣ ከፊት ለፊት።

ሐሙስ ስትነግረው ወሰኑ ሳህኑን ገፋ አደረገ። በስልኳ አንስታ የመጣችውን ፎቶ ተቀብሎ አሰፋው፣ አጠበበው፣ ከዚያ መለሰላት። መስታወቱ የመስኮቱን ብርሃን ተቀብሎ ግራውን በሙሉ አንጥቶታል፤ የቀሩትም መስመሮች ወደ ጠርዙ ሲሄዱ ጎብጠዋል።

“ፎቶ ዋሾ ነው፣ ተናኜ” አላት። “ተይው። አንቺም እንዳትጠይቂያት።”

እንዳትጠይቂ ያላት ነገሩ ስለገባው ነው። ሀራሙስ የሚሠሩ ሴቶች ከአሠሪ ቤት ዕቃ ላይ ዓይናቸውን አይጥሉም። ዛሬ “ይሄን ነገር ባየው” ያለች ሴት፣ ነገ አንድ ማንኪያ ቢጠፋ መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። ተናኘወርቅ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ጠየቀች።

ማዳም ፋኢዛ ንድፉን ቆማ ስታየው ቆየች። “የሙሕሲን እጅ ጽሑፍ አለበት። ከዚህ ቤት አይወጣም” አለች። ተናኘወርቅ ይቅርታ ብላ ልትሄድ ስትል፣ “ቆይ እንጂ! ቢያን ሱር፣ በእርግጥ አይወጣም፤ ግን እዚሁ መቅዳት ትችያለሽ” ብላ መስታወቱን ራሷ አስወለቀችላት።

ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ቤቱ በሚከትበት በየከሰዓቱ፣ ማዳም ስታርፍ፣ ተናኘወርቅ ንድፉን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋች ኬክ በሚጋገርበት ስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ትቀዳ ጀመር። ንድፍ ነድፋ አታውቅም። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ የሰፈሩ ሴቶች የቀሚስ አንገት የሚያሠሩት እሷ ጋ ነው። መስመር ተከትላ ፈቀቅ አትልም።

ቀድታ እንደጨረሰች ማዳም ፋኢዛ ቤቱን ሸጣ ማርሴይ ወዳለው ልጇ ሄደች። ንድፉም ከቀረው ዕቃ ጋር ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ በባሕር ተሸኘ። ተናኘወርቅ ሻንጣዋን ለታክሲው ሹፌር ሰጥታ፣ ጥቅሉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ገባች።

ወሰኑ እጁን በሳሙና ታጠበና ወረቀቱን ዘረጋ። የጎኑን ለካ። የላዩን ለካ። ተስማሙ! “እነዚህ ርጉሞች!” አለ፤ “ተመልከች፣ አንድ ጣት እንኳ አልሳቱም! የተረገሙ ፈረንሳዮች!” ከዚያ የፊት ለፊቱን ሲያይ ማስመሪያውን አስቀመጠ።

የመርከብ ንድፍ ነዳፊዎች አንድ ልማድ አላቸው። የመርከብ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከፊት ለፊት ሲስሉት ግማሹን ብቻ ይስላሉ። በቀረው ቦታ ላይ ደግሞ መርከቡን ከጀርባው አይተው የዚያን ግማሽ ያስቀምጣሉ። በአንድ ሥዕል ላይ ቀኙ የመርከቡ ፊት ነው፣ ግራው ጀርባው። የተናኘወርቅ ወረቀት ላይ ግን ግራና ቀኙ እንደ መንታ ቁርጥ አንድ ናቸው። መርከቡ ሁለት ፊት አለው፣ ጀርባ የለውም።

ወሰኑ ወዲያው ገባው። የቀሚስ አንገት ሲጠለፍ ወረቀቱ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፤ የአንዱ ጎን ለሌላው ይገለበጣል። ተናኜ ግራው ከቀኙ አልገጥም ሲላት ወረቀቱን አጥፋ አስተካክላዋለች። ዋናው ንድፍ ደግሞ ባሕር ላይ ነው። ቀና ሲል እጇን አጣምራ፣ ፈተና እንደተፈተነ ተማሪ ውጤቷን ትጠብቃለች።

“ጎበዝ” አለ። “በጣም ቆንጆ ነው። እንከን የለውም።”

“ወስኔ” አለችው፣ “አንተ ነገር ሲጥምህ ትሳደባለህ። እስካሁን ፈረንሳዮቹን ስትሞልጫቸው ነበር። አሁን ምነው ጨዋ ሆንክ?”

ነገራት። ምን ያድርግ?

ተናኘወርቅ እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። “ጠማማ መሰለኝ። ሰውዬው ሲደክመው የሣለው መስሎኝ... አስተካክዬልህ ነው።” እንባዋ መጣ። “አሁን ይሄንንም ትሰብረዋለህ።”

“ወረቀት ይሰበራል እንዴ?” ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ አልሆነም። በዚያች ቅጽበት መርከቡን ከነፈረንሳዮቹ ባሕር ቢወስደው ግድ አልነበረውም። በዚህ ሁሉ ዓመት እንደዚያን ሰዓት ወዷት አያውቅም።

አፍንጫዋን ጠረገች። “መጀመሪያስ እንዳለ ቀድቼው ነበር። ስፍቅ ነው የዋልኩት።”

ወሰኑ ብድግ አለ። “በላጲስ? ስትቀጂው ጫን አድርገሽ ነበር?”

“እኔ መቼ ቀስ ብዬ አውቃለሁ?”

ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ወስዶ ወደ ብርሃኑ አዘነበለው። የእርሳሱ ጫፍ የቆፈረው መስመር አለ። እርሳስ ፍቆ ዱቄቱን በጥጥ ቀስ አድርጎ ሲያዳርስበት፣ የጠፋው ጀርባ ከሥር ነጭ ነጭ እያለ አንድ በአንድ ወጣ። ከላዩ ንድፍ ጋር አስተያየው። ለካ። ደግሞ ለካ።

“የተረገሙ!” ብሎ ጮኸ። “እርኩሶች! አልሳቱም እኮ!”

ተናኘወርቅ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየችው። “ይሄ ነው እንግዲህ ጀርባው?”

“ይሄ ነው።”

“የመርከብ ጀርባ አንዴ አይቻለሁ። አሰብ።” ድምጿ ዝግ አለ። “ይበቃኛል።”

እሱ ያለበት መርከብ ከአሰብ በሸሸ ቀን እጮኛው ነበረች። ወደቡ ላይ በሰው መሐል ቆማ መርከቡ ጀርባውን ሰጥቷት እየራቀ፣ እያነሰ፣ እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ በእግርም በመኪናም በኦቦክ በረሃ በኩል አቋርጣ መጥታ፣ ጅቡቲ ወደብ በር ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጠየቀች ፈለገችው። ስለዚያች ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

“እኔ ሞተር ክፍል ነበርኩ። አላየሁሽም” አላት።

“አውቃለሁ። እኔ ግን አየሁ።”

መርከቡ ዓመት ፈጀ። የወሰኑ እጅ ከሠራው ሁሉ የሚያምረው ጀርባው ነው፤ ትንንሾቹ መስኮቶች፣ በመርፌ ጫፍ የተቀረጸው ሐረግ፣ ሁሉም ልክ እንደነበረው። ሲያልቅ ጎረቤቱ አናጢው ከይረዲን ሊያይ መጣ። ወሰኑ መርከቡን ተናኘወርቅ ተቀምጣ ከምትጠልፍበት ቦታ ትይዩ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል።

“አንተ ሰው፣ ጤነኛም አይደለህም!” አለ ከይረዲን። “ያን ሁሉ የለፋህበትን ለግድግዳ ታሳያለህ?”

“ልክ መሆኑን እኔ አውቃለሁ” አለ ወሰኑ። “እሷ ደግሞ መርከቡን ሲመጣ ትየው፤ ሲሄድ አይታዋለች።”