የማይቀያየሩ ትዕዛዞች

ልምምዱ በደንብ እየሄደ ሳለ ቀመር መድረኩ ጫፍ ላይ ቆማ እጇን አነሳችና «ይቁም!» አለች።

«ምን ተበላሸ?» አለ አዘጋጁ።

«እስካሁን ምንም።»

ተዋናዮቹ ሳቁ። አዘጋጁ ግን አልሳቀም፤ ትርኢቱ የሚከፈትበት ቀን አፍጥጦ መጥቶበታል።

ቀመር የልጅቷ ቅጽል ስም ነው። የአዲሱን መድረክ ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ነበረች። መድረኩ የትያትሩን መንደር ተሸክሞ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል። አንድ ጎኑ ላይ በተንሸራታች ክዳን የሚዘጋ ቀዳዳ አለው፤ መድረኩ ቦታው ላይ ሲሆን ከምድር ቤት የሚመጣው ማንሻ ተዋናዩን ይዞ በቀዳዳው ብቅ ይላል። ተዋናዩ እግሩን አንስቶ ይወጣል፣ ማንሻው ይወርዳል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ከዚያ መድረኩ ይዞራል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሁሉ ደጋግሞ ሞክሮ ካልተበላሸ እፎይ ይል ነበር። ቀመር ግን ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ፊደል ሰጠች፤ ለ«አዙር»፣ ለ«አንሳ»፣ ለ«ክፈት»፣ ለ«አቁም»። ቀጥላ የፊደሎቹን ሕግ አወጣች። የትኛው የትኛውን ያፈርሳል? የትኞቹ ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ ያው ነው? የትኞቹስ ቢለዋወጡ ጉድ ይፈላል? ሕጉ ሲያልቅ ኮምፒውተሯ ትዕዛዞቹ ሊሰለፉ የሚችሉበትን መንገድ ሁሉ ፈተሸ፤ ማንም ያልሞከረውን፣ ሊሞክረውም የማያስበውን ጭምር። ከእነዚያ መንገዶች አንዱ ክፉ ሆኖ ተገኘ።

የመድረክ ሠራተኞቹ አለቃ ግራ ተጋቡ። ሰው ሁሉ «ጋሽ መዘውር» የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን በገመድና በብረት መሃል የጨረሱ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እኔ ይህን መድረክ ስንቴ አስቁሜ አስነስቼዋለሁ! ምንም አላለም» አሏት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያስቆሙት ቦታው ከደረሰ በኋላ ነው። አሁን እየዞረ ሳለ የአደጋ ማቆሚያውን ይጫኑ፤ ከዚያ ‹ቀጥል› ይበሉት።»

ክዳኑ ላይ አንድ ጆንያ አሸዋ አቆሙ። ጋሽ መዘውር መድረኩን አዞሩ፣ መሃል መንገድ ላይ አስቆሙት፣ «ቀጥል»ን ተጫኑ። ፕሮግራሙ መድረኩ ቦታው የገባ መሰለው። ክዳኑ ሸርተት ብሎ ተከፈተ፤ ጆንያው ምድር ቤት ሲወድቅ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

አሁን የሚስቅ ጠፋ። ከመጋረጃው ጥግ አንዲት ሴት «እኔ አልቆምበትም» አለች። በትያትሩ መጨረሻ ክዳኑ ላይ የምትቆመው ዋናዋ ተዋናይት ናት፤ የቀመር እናት። ድምጿ ያለ ማጉያ የመጨረሻውን ረድፍ ይነቀንቅ ነበር፤ ያን ቃል ግን በሹክሹክታ ነው የተናገረችው። ወጣት ሳለች በሌላ ትያትር ቤት ሠራተኞች የገመድ ቅደም ተከተል አሳስተው ክዳን ከእግሯ ሥር ተከፍቷል። ዳሌዋ እስካሁን ብርድ አይወድም።

ቀመር ጥፋቱን ማስተካከል አልከበዳትም። ፕሮግራሙ መድረኩ የት እንዳለ ከራሱ ትዝታ መገመቱን ተወ፤ መድረኩ ሥር የተተከለው ጠቋሚ «ቦታው ገብቷል» ካላለ ክዳኑ የሚከፈትበት መንገድ እንዳይኖር አደረገች። ኮምፒውተሩ እንደገና መንገዱን ሁሉ አሰሰ። አንድም ክፉ አልተገኘም።

«ይህ የሚሠራው ግን ጠቋሚው እውነት ከተናገረ ነው» አለቻቸው ለጋሽ መዘውር። «እሱን ሒሳቤ አያውቅልኝም።»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አሉና ሁለተኛ ጠቋሚ ተከሉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ክዳኑ እንዳይከፈት።

የቀረው አዘጋጁ ነበር። እናትየዋ ከመሬት ብቅ ስትል መድረኩ አስቀድሞ እየዞረ እንዲሆን ነበር ምኞቱ። «እሱን እርሳው» አለችው ቀመር። «መብራቱን ግን የፈለግህበት ቦታ ማስገባት ትችላለህ። በጨለማ ትውጣ፣ ክዳኑ ይዘጋ፣ መድረኩ መዞር ይጀምር። ያኔ አብራ። ተመልካቹ ዓይኑን ሲገልጥ እሷ በሚዞረው መንደር መሃል ቆማ ያገኛታል።»

አዘጋጁ አገጩን አሸ። «ከእኔ ሐሳብ ይሻላል እንዴ?» አለ፤ መልስ ግን አልጠበቀም።

ያን ምሽት እናትና ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን ያጥቡ ነበር።

«ተዋናይ ትሆኛለሽ ብዬ ወልጄ፣ ፊደል ስትደምሪ ትውያለሽ» አለች እናትየው። «እስቲ በእኔ ቋንቋ ንገሪኝ።»

«ቀሚስሽን ለብሰሽ ብትኳኳይ ደህና ነሽ። ተኳኩለሽ ስታበቂ ያንን አንገቱ ጠባብ የሆነውን ቀሚስ በጭንቅላትሽ በኩል ብታጠልቂስ?»

«ቀሚሱም ፊቴም አለቀለት። የልብስ ክፍሏ ሴትዮም በቁሜ ትቀብረኛለች።»

«ስለዚህ ሁለቱ አይቀያየሩም። ጉትቻና ጫማ ግን የቱንም ብታስቀድሚ ያው ነው። መድረኩም እንዲሁ ነው። ሥራዬ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደማይቀያየር ማወቅና መቆለፍ ነው።»

እናትየው ሰሃኑን ማድረቅ ተወች። «እነዚያ የጣሉኝስ?»

«እነሱ ቅደም ተከተሉን የያዙት በጭንቅላታቸው ነው። አንዱ ተዘናጋ። አሁን ግን ማንም ቢዘናጋ ክዳኑ አይከፈትም።»

«ከጆንያው በፊት ብጠይቅሽም እንዲህ ትይኝ ነበር።»

«ያኔ ‹ይመስለኛል› ነበር የምልሽ እማ። አሁን አረጋግጬ ነው።»

«ለእኔስ ገብቶኛል። እግሬን ግን ማን ያስረዳልኝ?» ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። «አንቺ ትቆሚበታለሽ?»

«እቆማለሁ።»

በማግስቱ ቀመር ክዳኑ ላይ ወጥታ ቆመች። እናትየው ከአዘጋጁ ወንበር ላይ ሆና ማዘዝ ጀመረች። «አዙረው! አሁን አቁም! ቀጥል! ክፈት! ሌላም ጨምር፣ እንደፈለግህ ተጫን!» ጋሽ መዘውር መድረኩ ቦታው ሳይገባ የታዘዙትን ሁሉ ተጫኑ። የመቆጣጠሪያው ቀይ መብራት ይበራል፤ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አይልም።

ቀመር ጉልበቷ ሲርድ ተሰማት። ገረማት። ማረጋገጫውን መስመር በመስመር ታውቀዋለች፤ ጉልበቷ ግን አላነበበውም። እናቷ ከታች አየቻት።

«እየተንቀጠቀጥሽ ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አትወርጂም?»

«እንደማይከፈት ስለማውቅ ነዋ።»

እናትየው ከወንበሩ ተነሳች። እያነከሰች ደረጃውን ወጣችና ከልጇ ጎን ክዳኑ ላይ ቆመች። እጇን ያዘቻት፤ ሁለቱም እጆች ቀዝቃዛ ነበሩ። ከዚያ የመጨረሻው ረድፍ በሚሰማው ድምጿ «አዙረው!» አለች።

በመክፈቻው ምሽት አዳራሹ ጨለመ፣ ማንሻው ወጥቶ ወረደ፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ መድረኩ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። መብራቱ ሲመጣ እናትየው በሚዞረው መንደር መሃል ቆማ ነበር፤ ከተመልካቹ «እህ!» የሚል ትንፋሽ ወጣ። ሌላ ምንም አልሆነም። ቀመር በመጋረጃው ጥግ ሆና ያ «ምንም» ሲያልፍ አየችው፤ ደረቷ በኩራት ሞላ።

በማግስቱ ጋሽ መዘውር ጣሪያው ሥር ወዳለው ጠባብ መተላለፊያ ወሰዷት። ከመድረኩ ጀርባ የሚወርዱት የመልክዓ ምድር ሥዕሎች የተንጠለጠሉባቸው አሮጌ ገመዶች እንደ ሐረግ ተጠላልፈው ነበር።

«እነዚህም ሕግ ይውጣላቸው» አሏት።

ቀመር ቀና ብላ አየች። እጅጌዋን ሰበሰበች። «እሺ ጋሼ፤ መጀመሪያ የሚወርደው የትኛው ነው?»