መጀመሪያ የቀየረ ተሸነፈ

እና ደግሞ ሦስተኛ መሆን ነውር ነው ያለው ማን ነው፣ በሩጫ እንኳን ሦስተኛ ለወጣው አንገቱ ላይ አንድ ነገር ያጠልቁለታል፣ ይቺ ስልክ ግን ሦስተኛ ስለሆነች ብቻ ትቀበር ተባለ፣ ዓለም ለሁለት ተካፍላ አለቀች፣ ግማሹ ሰው የአንደኛውን ሲስተም ስልክ ይዟል ግማሹ የሌላውን፣ ለእሱና ለታላቅ እህቱ የደረሰቻቸው ሦስተኛዋ ናት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት፣ ባለ ትልልቅ ባለቀለም ሳጥኗ፣ ቀለል ያለች፣ ፈጣን፣ ሰው የማታስቸግር፣ ታዲያ ዛሬ ማታ እሷም ታበቃለች። ማለት ስልኳማ ትበራለች። የመልእክት መላኪያው ነው የሚዘጋው።

ማስታወቂያው ከመጣ ወር አልፎታል፣ ውድ ደንበኛችን፣ በዚህ ስርዓተ ክወና ላይ ስንሰጥ የቆየነውን አገልግሎት የምናቋርጥ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን፣ በአክብሮት፣ የዘንድሮ ሰው ሲያባርርህም በአክብሮት ነው፣ አንብቦ ኪሱ ከተታትና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከረመ፣ ዛሬ ግን ዳባውም አልበቃ አለ።

የተቀመጠው የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ነው፣ ከፎቁ ጣሪያ ሥር፣ የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ፍሬኑን ፈትቶ በጨርቅ እየጠረገ፣ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጣት ስልክ ግን ፀሐይ ነው ትላለች፣ የአየር ሁኔታዋ ሳጥን ከሞተች ቆይታለች፣ ወሬ የሚያቀብላት ሲቋረጥባት በደረሰችበት ቀን ላይ ቆማ ቀረች፣ ብራ ቀን ነበር፣ እሱም አልተቀየማትም፣ ለዘላለም ዝናብ ከሚሆን ለዘላለም ፀሐይ ይሁን፣ ጃንጥላ ግን ይይዛል፣ እሷን አምኖ ስንቴ በስብሷል።

ኢንጂነር፣ ኢንጂነር፣ ይላል መገናኛ ሬድዮው፣ የምድር ቤቱ ጥበቃ ነው፣ ካቻቪቴ የያዘ ሁሉ ለእሱ ኢንጂነር ነው፣ ሊፍቱ መቼ ነው የሚለቀቀው፣ ሰው እዚህ ተኮልኩሎ እኔ ላይ ያፈጣል፣ ትንሽ ነው የቀረኝ በላቸው፣ ይለዋል፣ ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው፣ ትንሽ ማለት ትንሽ ነዋ፣ ደረጃ መውጣት ለጤና ጥሩ ነው በላቸው፣ እሱን እርስዎ ወርደው ይንገሯቸው፣ እኔ ልጆች አሉኝ። ይስቃል። ጨርቁን ይገለብጥና በንጹሑ በኩል ይይዛል።

መጀመሪያ የሄደው የባንኩ አፕ ነበር፣ አንድ ቀን ሲነካው አልከፍትም አለ፣ ከዚያ የታክሲው፣ ካርታውማ ሳይሄድ ነው የሞተው፣ አዲሱን መንገድ ስለማያውቀው እዚያ ላይ ሲነዱ ሜዳ መሃል የሚዋኙ ይመስለዋል፣ አፕ የሚወርድበት ገበያ ባዶ መደርደሪያ ሆነ፣ ባዶ ሆኖም ምን ልታዘዝ ይላል፣ ጨዋነቱን አልተወም፣ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፣ ወርክሾፕ ያሉት ጎረምሶች እሷን ይዞ ባዩት ቁጥር ጋሼ፣ ይሄ ስልክ ነው ወይስ የቴሌቪዥን ሪሞት፣ ይሉታል፣ ይበሉ፣ ሲያልቅ አያምርም ይባላል፣ ይሄ ሊፍት ግን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው፣ አሁንም ከወለሉ ጋር ጣት ሳይዛነፍ ይቆማል፣ ደህና ተደርጎ የተሠራ ነገር የሠሪውን መርዶ ቶሎ አይሰማም።

ተው፣ ራስህን አታታል። ነገሩ ስልኳ አይደለችም፣ ነገሩ እትዬ ናት፣ ታላቅ እህትህ።

ስልኮቹን የገዙት አንድ ቀን ነው፣ እሷ ቢጫ እሱ ሰማያዊ፣ ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስማ ማሙሽ፣ አለችው፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነውን ሰውዬ ማሙሽ፣ መጀመሪያ የቀየረ ተሸነፈ። እሺ አለ። መቼስ እምቢ ብሏት ያውቃል፣ ልጅ እያሉ በክረምት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እጅ መንከር ነበር፣ ዓይን ሳይርገበገቡ መተያየት ነበር፣ በአንድ እግር መቆም ነበር፣ እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፣ እነሱ ምላጭ ቢያጡ ከጎረቤት ተበድረው የሚውጡ ልጆች ነበሩ፣ ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፣ የተሸነፈ ሰው ተሸንፌያለሁ ብሎ ጎረቤት እስኪሰማ መጮኽ አለበት፣ በለሆሳስ አይቆጠርም፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው የእሱን ድምፅ ነው፣ የእሷን የሰማ የለም። አንድ ቀን እንኳን አሸንፏት አያውቅም። አንድ ቀን። ሽማግሌ ሊሆን ነው እኮ፣ ይቺን አንዷን ብቻ ያሸንፍና ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ።

አዲሱ ስልክ ከነካርቶኑ መፍቻዎቹ መሃል ተኝቷል፣ ልጁ ናት የገዛችለት፣ አባዬ፣ ዛሬ ማታ ይዘጋል እኮ፣ ከአክስቴ ጋር በምን ልታወሩ ነው፣ እንደዋወላለን፣ አክስቴ ስልክ ማውራት መቼ ትወዳለች፣ እውነቷን ነው፣ እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሄሎ ማለት ይከብዳታል፣ ቤቷ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፣ ጉልበቷም አላስኬድ ብሏታል፣ የሚተያዩት ከስንት አንዴ ነው፣ አብረው የሚውሉት እዚቺ መልእክት መላኪያ ውስጥ ነው፣ እሱ ከሊፍት ጉድጓድ ሥር ያገኘውን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይልክላታል፣ ቁልፍ፣ የጆሮ ጉትቻ፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እሷ እየሰፋች የባለቤቱን ታሪክ ትፈጥርለታለች፣ የጥርሱ ባለቤት ሊፍት ውስጥ ከድሮ ሚስቱ ጋር ተገናኝቶ ነው፣ አለች፣ ልሳቅ ሲል ወደቀበት፣ ሳምንት ሙሉ እሱን እያሰበ ብቻውን ሲስቅ ሰው አየው። ይሄ እንዳይቀር ሁለቱም ስልክ መቀየር አለባቸው፣ አንደኛው ከቀየረ ሌላው ይከተላል፣ ጣጣው አንደኛው ማን ይሁን ነው። ካርቶኑን አይከፍትም። እስከ ማታ ጊዜ አለ፣ ትሰበር ይሆናል፣ እሷም ሰው ናት።

ጥዝዝ አለች ጉልበቱ ላይ። እትዬ ናት። የልጅህ ኮት አለቀ፣ አዝራሮቹን እይልኝ፣ ከስንት ሱቅ እንደለቀምኳቸው። ከሥሩ ፎቶ አለ። የእጁን ግሪስ በሱሪው ጠረገና ፎቶውን ከፈተ፣ ኮቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል፣ ቡናማ ነው፣ አዝራሮቹ ያምራሉ፣ ያምራሉ ብሎ ሊጽፍላት ነው፣ ከእጅጌው ወዲያ መቀሷ አለ፣ ጠመኔዋ አለ፣ መርፌ የተሰካባት ትንሽ ትራሷ አለች፣ ቢጫዋ ስልክ አለች፣ አንድ ጥግዋ በካውያ የቀለጠው፣ አዝራሮቹ በጣም ያምራሉ እት

ቆይ።

ቢጫዋ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ናት። ታዲያ ፎቶውን ምን አነሳው።

ደንበኛ መጥታ ይሆናል፣ በደንበኛ ስልክ አስነስታ፣ አዎ፣ እንደዚያ ነው፣ እንደዚያ ይሆናል፣ ግን የዛሬው ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ፎቶዎቿ ከጠሩ ዓመት አልሆናቸውም ወይ፣ ቢጫዋ ከወደቀች ወዲህ ያነሳችውን ሁሉ ጭጋግ ታለብሰው ነበር፣ ካሜራሽ እንዴት እንዲህ ጠራልሽ ሲላት በመነጽር ጨርቅ ጠርጌው ነው አለች፣ አመናት፣ የራሱን ካሜራ በመነጽር ጨርቅ ሲወለውል ከረመ፣ ጠብ ያለለት ነገር የለም፣ ደግሞስ ደንበኞቼ የልብስ ሞዴሉን በዚያኛው አፕ እየላኩልኝ ተገላገልኩ አላለችም ወይ፣ በዚያኛው አፕ፣ በዚህ ስልክ ላይ አንድም ቀን መጥቶ በማያውቀው፣ ነግራዋለች እኮ፣ ከራሷ አፍ፣ ጆሮው ሰማ እሱ አልሰማም። እትዬ ቀይራለች። ዓመት ሆኗታል። ፎቶውን በአዲሱ ታነሳና ወደ ቢጫዋ አሻግራ ከዚያ ለእሱ ትልካለች።

መጀመሪያ የቀየረችው እሷ ናት።

ብድግ አለ፣ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ብረት ለጥቂት ተረፈ፣ አሸነፈ፣ ማስረጃው እጁ ላይ ነው፣ በገዛ ካሜራዋ፣ ይሄን ለዘመድ ሁሉ ያሳያል፣ አሳጥቦ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ ጻፈ፣ እትዬ፣ ቢጫዋን ማን ፎቶ አነሳት፣ ይቺን ብቻ፣ ሌላ አያስፈልግም፣ ጣቱ መላኪያው ላይ ነው። ኢንጂነር፣ ይላል ሬድዮው። ቆይ እባክህ፣ ታሪክ እየተሠራ ነው። ምን አሉኝ። ፍሬን እየገጠምኩ ነው አልኩህ።

ጣቱ አይወርድም።

ምን ሆነሃል፣ ንካት እንጂ፣ ዕድሜ ልክህን የጠበቅከው አይደለም ወይ፣ ንካት፣ ግን ቢጫዋ ቻርጀሯ እንኳን ከገበያ ጠፍቷል፣ ማንም አይደውልባትም፣ ማንም አይጽፍባትም፣ ከአንድ ሰው በስተቀር፣ እትዬ ጠዋት ጠዋት ተነስታ ለአንድ ሰው ብላ ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች። አዝናለት ነው፣ ሸብቶም ማሙሽ ነው፣ ከነገርኩት ያኮርፋል ብላ ነው፣ ፊቱ ጋለ፣ ወይስ ያቺን ቃል ማውጣት አቅቷት ነው፣ መሸነፏን ደብቃ፣ የእሷ ነገር፣ እልህ ይሁን ማዘን ወዲያና ወዲህ አገላብጦ አየው፣ ከዚያ አገላብጦ ማየቱ ራሱ ሰለቸው፣ ምኑ ነው የሚለየው፣ ወርክሾፑ ሲስቅበት፣ ባንኩ ሲሄድ፣ ታክሲው ሲሄድ፣ ሰው ሁሉ ወዲያ ተሻግሮ እሱ ባዶ ገበያ ውስጥ ብቻውን የቀረ ሲመስለው፣ ብቻውን አልነበረም፣ እሷ ተሻግራም ተመልሳ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ደስ አለው። ሌላ ስም የለውም፣ ደስ አለው፣ ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ፍሬን ፈትቶ፣ ሰው ከታች እያማው።

ከላከው ደግሞ ሕጉ ሕግ ነው፣ እትዬ ትጮኻለች፣ ተሸንፌያለሁ፣ በዚያ ጉልበቷ ተነስታ፣ በዚያ ድምፅዋ። ሊሰማው ሲመኝ የኖረው ቃል ነው፣ አሁን ሲያስበው ግን ጆሮው አልፈልግም አለ። አልፈልግም ካለ አልፈለገም ነው። የጻፈውን አጠፋ።

ፍሬኑን ገጠመ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ አንድ ጊዜ በእጁ አዙሮ ሞከረው፣ ያዘ። ከዚያ ደወለላት።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ምነው ማሙሽ፣ ምን ሆነህ ነው፣ ሰው ሞተ እንዴ፣ ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ፣ እንዲሁ ነው፣ ልጄ አዲስ ስልክ ገዝታልኝ፣ ዛሬ ልቀይር ነው፣ እና ተሸንፌያለሁ። ሳቅ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፣ አልመጣም። አልሰማሁም፣ አለች በመጨረሻ። ተሸንፌያለሁ አልኩሽ። የምን ሹክሹክታ ነው፣ ጎረቤት አልሰማም እኮ። እትዬ ሥራ ላይ ነኝ። ሥራ ቦታ ጎረቤት የለም ያለህ ማን ነው።

የሊፍቱ ገመዶች ወደ ታች ወደሚያልፉበት ቀዳዳ ጎንበስ አለ፣ ስልኩን ከጆሮው አራቀና ተሸንፌያለሁ አለ፣ በሙሉ ድምፅ፣ እንደ ልጅነቱ፣ ቃሉ ጉድጓዱን ይዞ ፎቅ በፎቅ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ሬድዮው፣ ኢንጂነር፣ ተሸንፌያለሁ ነው ያሉት፣ ኧረ እንደሱ አይበሉ፣ ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ደረጃውን ጀመረው እኮ።

እትዬ ይሄን ሰምታ ነው የሳቀችው፣ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሏ ተመልሶ ወደ ሳቅ። ሬድዮውን ይዞ ሊፍቱ ደህና ነው፣ ጥራቸው፣ አለ፣ ማብሪያውንም መለሰ፣ ሞተሩ እንደ ወትሮው አጉረመረመና ገመዶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። በል እንግዲህ፣ አለች እትዬ፣ ድምፅዋ ቀለል ብሏታል፣ ዓመት የተሸከመችውን ያወረደች ነው የምትመስለው፣ አንተ ከቀየርክማ እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ፣ ነገ እኔም አንዱን እገዛለሁ። ግዢ፣ ጥሩ ነው። አጠቃቀሙን ግን አላውቀውም ማሙሽ፣ መጥተህ ታሳየኛለህ።

አውቄብሻለሁ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፣ ደረሰ፣ ጥርሱን ነካ። ዋጠው። ካርቶኑን እንኳን ገና አልከፈተም፣ ማብሪያው በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም፣ እሷ ናት ዓመት የሠራችበት፣ እሁድ ሄዶ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ይሄን ነክተሽ፣ ከዚያ ይሄን፣ ይላታል፣ እሷም ኧረ፣ ትላለች። እሁድ እመጣለሁ፣ አላት። ታዲያ እንዳትቸኩልብኝ፣ አለች፣ እኔ እንዳንተ ቶሎ አይገባኝም። ቀስ ብዬ ነው የማሳይሽ፣ አላት።