የካቦ ጫኔ መሐላ

ካቦ ጫኔ በአሰብ ወደብ የጫኝና አውራጆች አለቃ ነው። በማተቡ ከማለ ነገር አለቀ። ጆንያ ጎደለ ሲባል የጉምሩኩ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን ያስጠራል። ጫኔ አንገቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ክር በሁለት ጣቱ ይዞ «በማተቤ» ካለ እውነት ነው። ካልማለም ያው ታውቋል። በሐሰት ምሎ አያውቅም። በዚህም ይኮራል፤ ኩራቱን ግን ለንስሐ አባቱ ነግሮ አያውቅም።

ሚስቱ እቴናት ጸሎተ ሃይማኖትን እንኳ እስከ መጨረሻው አትዘልቀውም። «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ብላ ትጀምርና መሐል ላይ ድስት ያርርባታል፣ ወይ ጎረቤት ይጠራታል። ጫኔ ከተጋቡ ጀምሮ በዚህ ይቆጣታል። የምታምኚውን የማታውቂ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነሽ ይላታል። እሷም አንተ ታውቅልኝ የለ ብላ ትስቃለች።

ዘመኑ የቀይ ሽብር ነው። ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ባስገባበት ሰዓት፣ ጫኔ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይጸልያል። ጾም ነውና ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ከወደቡ በኩል ጥይት ተተኮሰ። ጥቂት ቆይቶ የጓሮው በር ተንኳኳ፤ መንኳኳትም አይባል፣ ተቧጨረ። ጫኔ ጸሎቱን አላቋረጠም። እቴናት ከፈተች።

ሑመድ ነው። አፋር ነው፤ ከጫኔ ሥር ጆንያ ይሸከማል፤ ባለ ትዳር ነው። ጠዋት ከስንዴ ጆንያዎች መሐል የተከለከለ ወረቀት ተገኝቶ ነበርና አብዮት ጥበቃዎች የሚይዙት ሰው ይፈልጉ ነበር። እሱን ያዙ፤ አምልጦ ሲሮጥ ጭኑን መቱት። ደሙ በጣቶቹ መሐል ይንዠቀዠቃል። እቴናት ምንም አልጠየቀችውም። በብብቱ ይዛ ጎትታ አልጋ ሥር ከተተችው፤ ነጠላዋን ቀድዳ ጭኑን አሰረችለት። ከዚያ ወጥታ የፈሰሰውን ደም በእግሯ አሸዋ እየመለሰች አለበሰችው።

ጫኔ ጸሎቱን ሳይጨርስ ዞሮ አያት። ምን ልታመጪብን ነው ሊላት ሲል የፊት በሩ በሰደፍ ተመታ።

የመጣው ውብሸት ነው፤ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሏል። አሁን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መሪ ይሁን እንጂ አምና እዚያው ወደብ ላይ ጫኔ ጆንያ ያሸክመው ነበር። የጫኔን መሐላ ያውቃል።

«ጋሼ ጫኔ» አለ ፈገግ ብሎ፤ «የእርስዎን ቤትማ አላምስም። በማተቤ እዚህ የለም ይበሉኝና እንሂድ።»

የጫኔ ጣቶች ወደ አንገቱ ሄዱ። አልጋው ሥር የታፈነው ትንፋሽ ተሰማው። እቴናት በዓይኗ ትለምነዋለች። በሐሰት ቢምል ነፍሱ ትጠፋለች። አለ ቢል ሰውየው ይሞታል። ሦስተኛ መንገድ ያገኘ መሰለው፤ ወንጌሉ ፈጽሞ አትማሉ እንደሚል አስታወሰ። ጉምሩክ ሲጠራው ይህ ቃል ትዝ ብሎት አያውቅም።

«አልምልም» አለ።

ውብሸት ወደ ሰዎቹ ዞረ። «በቃ፣ ነገረን።»

አልጋውን ገለበጡት። ሑመድን በቆሰለ እግሩ ጎተቱት። እቴናት ክንዱን ይዛ አብራ ተጎተተች፤ አንደኛው ደረቷን በሰደፍ ብሎ ጣላት። ደጁ ላይ በከስክስ ጫማ ፊቱን ረገጡት። ጥርሱ ሲሰበር ጫኔ ሰማ። ሑመድ የእስልምናውን የእምነት ቃል፣ ሸሃዳውን፣ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ውብሸት ሽጉጡን ጆሮው ላይ አድርጎ ተኮሰ።

ጫኔ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ማተቡ አንገቱ ላይ ነው። አልዋሸም። ደሙ በአሸዋው ላይ ወደ እግሩ መጣ፤ ሳይደርስበት ሰረገ።

እቴናት ደረቷን ይዛ ተነሣች።

«ጸሎቱን ጨረስከው?» አለችው።

ውብሸት ጎንበስ ብሎ የሬሳውን ጭን አየ። ጨርቁ የሴት ነጠላ ነው፤ ጥለቱ ይታያል። ቀና ብሎ ወደ እቴናት ተመለከተ፤ የሰዎቹም ጠመንጃ ወደ እሷ ዞረ።

«ይህን ሰው ማን አስገባው?» አለ። «ጋሼ ጫኔ፣ አሁንም አልምልም ሊሉኝ ነው?»

ጫኔ ክሩን በሁለት ጣቱ ያዘ። በላብ ርሷል። ድምፁ ያው የወደቡ ድምፅ ነው።

«በማተቤ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ነጠላውንም የቀደድኩት እኔ ነኝ። እሷ በሩን እስክትመቱት ድረስ ተኝታ ነበር።»

ውብሸት ትክ ብሎ አየው። ይህን መሐላ ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ አንድ ቀን ሐሰት ሆኖ አልተገኘም። አመነው።

«አንተ ሽማግሌ» አለ፤ አንቱታውን እዚያው ጣለው።

የመጀመሪያው ሰደፍ አፉን አገኘው። ሁለተኛው ትከሻውን ሰበረው። ሑመድ አጠገብ ወደቀ፤ በወደቀበትም ጎኑን ረገጡት። እቴናት ልትናገር አፏን ከፈተች። ጫኔ ከመሬት ሆኖ፣ በደም በተሞላ ዓይኑ፣ ተቆጥቶ አያት። ጸሎቱን ስታቋርጥ የሚያያት እንደዚያ ነበር። አፏን በመዳፏ አፈነች።

አንዱ ታጣቂ ሊያነሣው ማተቡን ይዞ ሳበው። ክሩ ተበጠሰ። ከዚያ በፀጉሩ አንሥተው፣ እጁን ወደ ኋላ አስረው ነዱት።

እቴናት ክሩን ከአሸዋው አንሥታ ጉያዋ ከተተችው። የተረፈውን ነጠላ የሑመድ ፊት ላይ ጣል አደረገች፤ በብብቱም ይዛ ከፀሐዩ ወደ ቤቱ ቆርቆሮ ጥላ ትጎትተው ጀመር። ከባድ ነበር።